«ወላጅ ይዘህ ና» እስክንባል ለምን እንጠብቃለን?



ለዚህ እትም የጥናት ርእስ አድርገን የመረጥነው የወላጅንና የትምህርት ቤትን ግንኙነት ነው። ርእሱ ሲታይ የመምህራንና የወላጆች ጉዳይ እንጂ የወጣቶች አይመስልም። ነገር ግን በቁንዝላና በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች በወላጅና በትምህርት ቤት መካከል ወረቀት የሚያመላልሰው ማን ነው? ማንበብ ለማይችለው አባት ደብዳቤውን የሚያነበው ማን ነው? ሲያሻውም ደብዳቤውን አጥፎ ከደብተሩ መካከል የሚደብቀው ማን ነው? ወጣቱ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከታል።

በተለይ የምንናገረው ስለ 7ኛና ስለ 8ኛ ክፍል ነው። ይህ ደረጃ ቀድሞ «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ይባል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን ሁሉ አንደኛ ደረጃ ብሎ ስላጠቃለለው ስሙ ጠፍቶ ቆየ፤ በቅርብ ዓመታት በተጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ «መካከለኛ ደረጃ» ተብሎ እንደገና ለብቻው ቆሟል። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ጠባዩ ያው ነው። ሕፃኑ በታችኛው ክፍል ሳለ አንድ መምህር ቀኑን ሙሉ ከእርሱ ጋር ይውላል፤ ማን እንደ ራበው፣ ማን እንደ ታመመ፣ የማን እናት እንደ ሞተች ያውቃል። 7ኛ ክፍል ሲደርስ ግን ደወል በተደወለ ቁጥር መምህር ይለወጣል። የሒሳቡ መምህር ሒሳቡን፣ የእንግሊዝኛው እንግሊዝኛውን ያውቃል፤ ልጁን ሙሉ ሆኖ የሚያውቀው ግን አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። ስም ጠሪው መምህር ቢኖርም ስም ከመጥራት አልፎ እንዲሄድ ጊዜውም የክፍሉም ብዛት አይፈቅድለትም።

ዕድሜውም ያው ከ13 እስከ 15 ያለው ነው። በእኛ አገር በዚህ ዕድሜ ለሴቷ ልጅ ሽማግሌ የሚላክበት፣ ወንዱም ሠርቶ ለመመለስ ወደ መተማ ቆላ ለመውረድ የሚያስብበት ነው። የፌዴራሉም ሆነ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ እንዳይፈጸም ይከለክላሉ፤ ነገር ግን ሕጉን የሚያስፈጽመው አካል ነገሩን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ድግሱ ከተደገሰ በኋላ ነው። በ8ኛ ክፍል መጨረሻ ክልላዊው ፈተና አለ፤ ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ 9ኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እንግዲህ ልጁ ከመንገድ የሚቀረው ወይም የሚያልፈው በእነዚህ ሁለት ዓመታት ነው። ወላጅና ትምህርት ቤት አጥብቀው መነጋገር የሚገባቸውም ያን ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ የሚለያዩት በዚያው ጊዜ መሆኑ ያሳዝናል።

በአገራችን ትምህርት ቤት ለወላጅ የሚልከው መልእክት አጭር ነው፤ «ወላጅ ይዘህ ና» የሚል። ይህን ቃል ያልሰማ ተማሪ የለም። ልጁ ተጣልቶ፣ መስኮት ሰብሮ፣ ወይም ሳምንት ሙሉ ቀርቶ ሲገኝ በር ላይ ይያዝና ይህ ቃል ይነገረዋል። ስለዚህ ወላጅ ከትምህርት ቤት ተጠራ ማለት ልጁ አጠፋ ማለት ነው። አባት በሬውን ፈትቶ፣ ነጠላውን ለብሶ የሚሄደው ሊሰደብ ነው። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ዘዴ ይፈልጋል። በየከተማው የታወቀው ዘዴ «አጎት» መከራየት ነው፤ አንድ ጎልማሳ ሻይ ይጋበዝና ከርእሰ መምህሩ ፊት ቀርቦ «ከእንግዲህ እኔ እቆጣጠረዋለሁ» ብሎ ፈርሞ ይወጣል። ታሪኩ ሲነገር ያስቃል። ግን ቆም ብለን ብናስበው፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪውን አባት ከተከራየ ሰው መለየት ካልቻለ፣ ከዚያ ቀን በፊት አባትየውን አንድም ቀን አላየውም ማለት ነው።

ወላጁንም ብቻውን መውቀስ አይገባም። አባቶቻችን ያደጉበት ልማድ ልጅን ለመምህር ማስረከብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አባት ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ብሎ የቀረውን ለመምህሩ ይተዋል። ልጁም አድጎ የቆሎ ተማሪ ሲሆን አኩፋዳውን ይዞ ከደብር ደብር፣ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ ይሻገራል፤ ወላጅ ወሬውን የሚሰማው ከመንገደኛ ነው። ይህ ልማድ ታላላቅ ሊቃውንትን አፍርቷል፤ እኛም አንንቀውም። ነገር ግን እዚያ ተማሪው ከየኔታ ጋር ያድራል፤ የኔታ መምህርም አባትም ናቸው። የዛሬው ትምህርት ቤት ግን ልጁን በ6 ሰዓት ወይም በ11 ሰዓት ወደ መንገድ ያወጣዋል። ማስረከቡ እንደ ጥንቱ ሆኖ ተረካቢው ግን እንደ ጥንቱ አይደለም።

ደግሞም በቅዱስ መጽሐፍ ልጅዋን ፈጽማ የሰጠችው ሐና እንኳ አልረሳችውም። ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ይህን ስናነብ ብዙ ጊዜ እናልፈዋለን። መደረቢያ የሚሠራ ሰው ልክ ማወቅ አለበት፤ ልጁ በዓመት ስንት እንዳደገ የምታውቅ እናት ነበረች ማለት ነው።

አሁን ወደ ሌላ ምሳሌ እንለፍ። በአገራችን ከወላጅ ጋር አጥብቀው በመነጋገር ስም ካተረፉት መካከል የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። የካቶሊክ ምእመናን ከአገራችን ሕዝብ አንድ በመቶ አይሞሉም፤ ትምህርት ቤቶቻቸው ግን በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከሚማሩባቸውም ልጆች የሚበልጡት የሌላ እምነት ልጆች ናቸው። በአዲስ አበባ ናዝሬት፣ ቅዱስ ዮሴፍና ካቴድራል የሚባሉት በስም የታወቁ ናቸው። በእኛም አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 የባሕር ዳርና ደሴ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ተቋቁሟል። በዩኒቨርሲቲ አብረውን የሚማሩ፣ ከእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የመጡ ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤታቸው ሲያወሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ሕንጻውን ወይም ቤተ መጻሕፍቱን ሳይሆን የመገናኛ ደብተሩን ነው። ደብተሩ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ወደ ቤት ይሄዳል። መምህሩ የቤት ሥራውን፣ የልጁን ጠባይ፣ መቅረቱንና ማርፈዱን ይጽፍበታል፤ ወላጅ አንብቦ ይፈርምና የራሱን ቃል ጨምሮ ይመልሰዋል። ደብተሩ ወቀሳ ብቻ አይጻፍበትም፤ «ዛሬ በሳይንስ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ» የሚልም ይገኝበታል። ጓደኞቻችን እንደሚሉት አባታቸው ደብተሩን ሲያነብ አጠገቡ መቆም ከፈተና ይበልጥ ያስጨንቃቸው ነበር!

ይህ ልማድ የአንድ ርእሰ መምህር ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ከሥርዓታቸው የመነጨ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጅ የመጀመሪያዎቹ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቀኖና ሕጋቸውም በ796ኛው አንቀጽ ወላጆች ከመምህራን ጋር በቅርብ እንዲሠሩ፣ መምህራንም ወላጆችን በደስታ እንዲሰሙ፣ የወላጆች ማኅበር ወይም ስብሰባ እንዲቋቋምና እንዲከበር ያዝዛል። ልብ እንበል፤ ሕጉ ወላጅን ጥሩ ብቻ አይልም፤ ስሙ ይላል። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት ከቁንዝላ እስከ ጎርጎራ ካለው አያንስም።

አንዳንድ አንባቢ «ስለ ካቶሊክ ትምህርት ቤት በእኛ ጋዜጣ ለምን ይወራል?» ሳይል አይቀርም። ጥያቄው ከታሪክ የመጣ ነው። በ17ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ኢየሱሳውያን በዚሁ በጣና ዳር በጎርጎራ ተቀምጠው ዐፄ ሱስንዮስን ወደ እምነታቸው ማስገባታቸውን፣ በዚህም የተነሣ ብዙ ደም መፍሰሱን፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ የአባቶችን ሃይማኖት መመለሳቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ትዝታ በዚህ ዳርቻ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ስለዚህ ወላጅ «ልጄን ሃይማኖቱን ያስለውጡብኝ ይሆን?» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። መንግሥትም ይህን ስጋት ያውቅ ስለ ነበር በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ባወጣው ድንጋጌ አገሩን በሁለት ከፈለው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በተባሉት ስፍራዎች ሚሲዮኖች ሆስፒታልና ሃይማኖት የማይሰበክበት ትምህርት ቤት ሊያቆሙ ይችላሉ እንጂ እምነት ማስለወጥ አይችሉም ተባለ። የማስተማሪያውም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ዛሬ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ እንዲሆን፣ በ27ኛው አንቀጽ ደግሞ ወላጆች ልጆቻቸውን እንደ እምነታቸው የማሳደግ መብት እንዲኖራቸው ደንግጓል።

ነገር ግን ድንጋጌው በወረቀት ላይ ነው፤ ወላጅን የሚያሳርፈው ወረቀት አይደለም። ልጁ በየቀኑ ምን እንደሚማር በዐይኑ ሲያይ፣ ሲጠይቅም በግልጽ ሲመለስለት ያርፋል። በብዙ ቦታ የሌላ እምነት ወላጆች ልጆቻቸውን ያለ ስጋት ለካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ይመስለናል። ስጋት ያለበት ትምህርት ቤት ለወላጅ በሩን መክፈት ግዴታው ሆነበት፤ በሩን ሲከፍትም ጥቅሙን አገኘ። የራሳችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን «የራሳችን ነው» ተብሎ ስለሚታመን ማንም አይጠይቀውም፤ እርሱም ለማንም አይነግርም።

ወላጅ ሳይነገረው የቀረ እንደ ሆነ ምን እንደሚከተል ከአገራችን ታሪክ አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ። በ1964 ዓ.ም. መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት እንደገና የሚመረምር ጥናት አስጠና፤ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ ይታወቃል። በጥናቱ ብዙ ባለሙያዎች ተካፍለዋል፤ ሐሳቡም ሁሉ መጥፎ አልነበረም፤ የገጠሩ ሕፃን ሁሉ ቢያንስ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ የሚል ነበረበት። ነገር ግን ሰነዱ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆየ። ሲወጣ ወላጁ የተረዳው በአንድ መንገድ ነው፤ «የድሃ ልጅ 4ኛ ክፍል ላይ ይቁም፣ የሀብታም ልጅ ይቀጥል ተባለ» ብሎ። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ተማሪውና ወላጁ ተነሣ፤ ታክሲ ነጂዎችም በዚያው ሰሞን አድማ መቱ፤ ጥናቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው የአብዮቱ ታሪክ ነው። አብዮቱ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ በጥናቱ ብቻ መጣ አንልም። ነገር ግን ስለ ልጁ ሳይጠየቅ የተወሰነበት አባት ምን ያህል እንደሚቆጣ በዚያ ዓመት ታይቷል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተሻሽሏል። በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ስለ ትምህርት አስተዳደርና ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎ ያወጣው፣ በሽፋኑ ቀለም «ብሉ ቡክ» የሚባለው መመሪያ የወላጅ መምህር ኅብረትን በየትምህርት ቤቱ አቋቁሟል። ኅብረቱ የትምህርት ቤቱን እቅድና ገንዘብ እንዲያይ፣ ስለ ተማሪ ሥነ ሥርዓት እንዲመክር ሥልጣን አለው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብርም ከ4ቱ ዐበይት ዘርፎቹ አንዱን ለኅብረተሰብ ተሳትፎ ሰጥቷል። እንግዲህ ሥልጣኑ ካለ የጎደለው ምንድን ነው?

ከቁንዝላ እንጀምር። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ ብዙው የከተማዋ ልጅ አይደለም። ከሰሜን አቸፈር ገጠር መጥቶ፣ ለሦስት ለአራት ሆኖ አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ ተመልሶ ስንቁን ተሸክሞ የሚመጣ ነው። አባትየው ልጁን የሚያየው ስንቅ ሲቀበል ብቻ ነው። ስንቁ ያለቀበት ልጅ ከረቡዕ ወዲያ ትምህርት ቤት ላይታይ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ «ቀረ» ብሎ ይመዘግባል፤ እናቱ «እየተማረ ነው» ትላለች። ሁለቱም የሚያውቁትን ቢያጋጥሙት ልጁ እንደ ራበው ይገኝ ነበር። ስንቱ ብልህ ልጅ በዚህ ዓይነት እንደ ቀረ የምናውቅ እኛው አብረን የተከራየነው ነን።

ሁለተኛው ስብሰባው ነው። የወላጅ ስብሰባ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጤፍና ዳጉሳ በሚታጨድበትና በሚወቃበት ሰሞን ከተጠራ ማን ይመጣል? በበዓል ቀን ቢጠራ የበለጠ ይመጣ ነበር፤ ሠራተኞቹ ግን በበዓል አይገቡም። የመጣውም ወላጅ የሚሰማው ስለ አጥርና ስለ ወንበር መዋጮ ነው። መዋጮው አስፈላጊ መሆኑን አንክድም፤ በቁንዝላ ገበሬ መዋጮ ያልተሠራ ክፍል ጥቂት ነው። ነገር ግን ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ ገንዘብ የተጠየቀ ሰው አራተኛው መጥሪያ ሲደርሰው ኪሱን ይዳብሳል፤ ከዚያም «ብሩን ላኩለት፣ እኔ ሥራ አለብኝ» ይላል። እንዲህ ሆኖ «ተሳትፎ» የሚለው ቃል በገጠሩ ጆሮ «ክፈል» ማለት ሆነ።

እናቶችስ? መጥሪያው የሚጻፈው ለአባት ነው። አባት ሄዶ ከኋላ ቁጭ ብሎ ይመለሳል። ልጁ ሌሊት እየተነሣ ማጥናቱን፣ ልጅቱ ወር በገባ ቁጥር ከትምህርት መቅረቷን የምታውቀው ግን እናት ናት። የሚያውቅ ሰው ሳይጠራ የማያውቀው ይጠራል። እናት ብትመጣም በወንዶች ጉባኤ መካከል ቆማ «ልጄ ለምን ወደቀች?» ብላ ለመጠየቅ ያስቸግራታል። ለብቻዋ ከስም ጠሪው መምህር ጋር 10 ደቂቃ ብትቀመጥ ግን ከግማሽ ቀን ስብሰባ የሚበልጥ ፍሬ ይገኛል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው ደረጃ የሚሉት ነገር ነው። ካርዱ ወደ ቤት ሲመጣ አባት የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። «ሰባተኛ» ከተባለ ይመርቃል፤ «ሠላሳ አራተኛ» ከተባለ ዱላ ያነሣል። ነገር ግን ሰባተኛ የወጣው ልጅ ክፍልፋይ መደመር ላይችል ይችላል፤ ሠላሳ አራተኛውም ባለፈው ዓመት ሃምሳኛ የነበረ፣ በርትቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያስረዳ ቃል በካርዱ ላይ የለም። መምህሩ በካርዱ ጀርባ «ሒሳብ ላይ ክፍልፋይ ይቸግረዋል፣ ማታ ማታ ታላቁ ያሳየው» ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ ወላጅ የሚሠራውን ያውቅ ነበር። ማሠልጠኛና በጀት የማይጠይቅ ሥራ ነው።

ባለፉት ዓመታት ይህ መጓደል ምን ያህል እንደሚጎዳ ሁለት ጊዜ ታይቷል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲታዘዝ፣ በከተማ ወላጅና መምህር በስልክ እየተጻጻፉ ልጁን ያስጠኑ ነበር፤ በገጠር ግን የወላጁን ስልክ ቁጥር መዝግቦ የያዘ ትምህርት ቤት ጥቂት ስለ ነበር ተማሪው ወደ ከብት ጥበቃ ተመለሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ተማሪ ተበተነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጅን የሚመልሰው ማስታወቂያ አይደለም፤ ወላጁ የሚያምነው አንድ መምህር ነው። ከተበተኑት መካከል ያገቡ አሉ፤ የተሰደዱም አሉ። ስማቸውን ከመዝገብ አውጥቶ እቤታቸው ድረስ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች ምን እናድርግ? የመገናኛ ደብተር ይግባ ብንል ማንበብ የማይችል ወላጅ እንዴት ይሆናል ይባል ይሆናል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ጉዳዩ የእኛ ነው ያልነው። በየመንደሩ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም አንድ ሰዓት ቢመደብ፣ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ወይም ካርድ የመጣለት ወላጅ ይዞ ይምጣ፤ እናንብብለት፤ የሚመልሰውንም ቃል እርሱ እንደ ተናገረው እንጻፍለት። ከተጻፈው ላይ መጨመርም መቀነስም ክልክል ነው። የራሱን ካርድ ለራሱ አባት የሚያነብ ልጅ እንዳይኖር ደግሞ ሌላ ሰው ያንብብ፤ ምክንያቱን ማብራራት አያሻም! የቤት ምስጢር ስለምንሰማም ያነበብነውን ለሌላ ያወራ አባል ከዚህ አገልግሎት ይወጣል።

ዩኒቨርሲቲ ያለነውም ለክረምት ስንመለስ ከርእሰ መምህራን ጋር ተነጋግረን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛው፣ በምዝገባ ሰሞን የአባትና የእናት ስም በየተራ ተጽፎ ስልክ ያለው ቁጥሩ፣ ስልክ የሌለው ስልክ ያለው ጎረቤቱ ስም እንዲመዘገብ ነው። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው መጥሪያ ለጥፋት ሳይሆን ለትውውቅ እንዲሆን፣ ይኸውም መስከረም ሳያልቅ፣ አጨዳ ሳይጀመር፣ በገበያ ቀን ገበሬው ከተማ በሚገባበት ሰዓት እንዲደረግ ነው። ስለ መዋጮ በዚያ ቀን ባይነሣ እንመርጣለን። ይህን ለማስፈጸም ስማቸውን ሊሰጡ የሚፈልጉ አባላት ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ለክፍላችን ጸሐፊ እንዲያስመዘግቡ እናሳስባለን፤ በተለይ እኅቶች፤ እናቶች ለእናንተ የሚነግሩትን ለእኛ አይነግሩንምና።